የዐውሎ ነፋስን መንገድ የተከታተሉ መምህር፤ የአባ ቤኒቶ ቪኜስ የሕይወት ታሪክ

ሰማዩን አይቶ ስለ ነገው የማያስብ ገበሬ የለም። በጅጋ፣ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ አካባቢ እህሉ ታጭዶ ገና ሳይከመር፣ ወይም በርበሬው ተሰጥቶ ሳለ ደመናው በድንገት የጠቈረ እንደ ሆነ ቤተ ሰቡ ሁሉ ከትልቅ እስከ ትንሽ ይሯሯጣል። ዝናቡ ከመውረዱ ከአንድ ሰዓት በፊት ያወቀ ሰው የራሱን እህል ያድናል፤ ከአንድ ቀን በፊት ያወቀ ሰው ግን ጎረቤቱን ጠርቶ ለማስጠንቀቅ ጊዜ ያገኛል። ከዚህ ቀጥሎ ታሪካቸውን የምናነበው ሰው ከሁለት ቀን በፊት አውቀው የብዙ ሰው ሕይወት ያተረፉ መምህር ናቸው። ስማቸው አባ ቤኒቶ ቪኜስ ይባላል። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚገኘው ዘመን፣ የኢትዮጵያ ካልተባለ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ታሪካቸውን ከመጀመራችን በፊት የታገሉትን ጠላት ማወቅ ይገባናል። ሃሪኬን የሚባለው ታላቅ ዐውሎ ነፋስ የሚወለደው በሞቃት ባሕር ላይ ነው። የባሕሩ ውሃ ሙቀት 26 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ወይም ከዚያ በላይ ሲሆን ብዙ እንፋሎት ወደ ላይ ይወጣል፤ እንፋሎቱም ደመና ሲሆን የያዘውን ሙቀት ለአየሩ ይለቃል፤ የሞቀውም አየር ይበልጥ ወደ ላይ ይወጣል። በዚህ ጊዜ በሥፍራው የአየሩ ክብደት ስለሚቀንስ በዙሪያው ያለው አየር ወደዚያው ይጐርፋል። ነገር ግን ምድር ስለምትዞር ነፋሱ በቀጥታ ሊገባ አይችልም፤ እየተጠማዘዘ ይሽከረከራል። ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን የሚሽከረከረው ከሰዓት አቈጣጠር በተቃራኒ ነው። ፍጥነቱ በሰዓት 119 ኪሎ ሜትር ሲደርስ ሃሪኬን ይባላል። ይህ ነገር በህንድ ውቅያኖስ ሳይክሎን፣ በምዕራብ ፓሲፊክ ታይፉን የሚል ስም አለው እንጂ ጠባዩ አንድ ነው።

በዐውሎ ነፋሱ መካከል ዓይን የሚባል ጸጥ ያለ ቦታ አለ። ብዙ ሰው የጠፋው በዚህ ዓይን ተታሎ ነው። ነፋሱ ቀጥ ሲል መከራው ያለፈ መስሎት ከመሸሸጊያው ይወጣል፤ ጥቂት ቈይቶ ግን ነፋሱ ከተቃራኒው ወገን ተነሥቶ ያገኘውን ይጠርጋል። ከነፋሱም ይልቅ የሚከፋው ባሕሩ ነው፤ ዐውሎው የገፋው ውሃ እንደ ግድግዳ ተነሥቶ በወደቡ ከተማ ላይ ይፈስሳልና።

አባ ቪኜስ ከመነሣታቸው በፊት ሊቃውንት ስለዚህ ነገር አንዳንድ እውነት ደርሰውበት ነበር። አሜሪካዊው ዊሊያም ሬድፊልድ በ1821 በአገሩ ከደረሰው ዐውሎ ነፋስ በኋላ ሲዘዋወር በአንድ ወገን ያሉት ዛፎች ወደ አንድ አቅጣጫ፣ በሌላው ወገን ያሉት ደግሞ ወደ ተቃራኒው ወድቀው አየና ነፋሱ የሚሽከረከር መሆኑን ተረዳ፤ በ1831ም ጽፎ አሳተመው። በካልካታ ይኖር የነበረው እንግሊዛዊው ሄንሪ ፒዲንግተን ደግሞ ሳይክሎን የሚለውን ስም አወጣለት። ነገር ግን ይህ ሁሉ ዕውቀት የሚጠቅመው ዐውሎው ካለፈ በኋላ ነበር። ገና በሩቅ ባሕር ላይ ሳለ ወዴት እንደሚሄድ አስቀድሞ ለሕዝብ የሚነግር ሰው አልነበረም።

አባ ቤኒቶ ቪኜስ የተወለዱት በስጳንያ አገር፣ በካታሎኒያ፣ ፖቦሌዳ በምትባል በተራራ መካከል ባለች መንደር በሴፕቴምበር 19 ቀን 1837 ነው። በወጣትነታቸው የኢየሱሳውያን ማኅበር ውስጥ ገብተው ከመንፈሳዊው ትምህርት ጋር የሒሳብንና የፊዚክስን ትምህርት አጠኑ። የዚህ ማኅበር ስም ለጎጃም ሰው አዲስ አይደለም፤ በ1618 ከእኛ ብዙም በማይርቀው በሰከላ የግሽ ዓባይን ምንጭ አይቶ የጻፈው ስጳኛዊው ፔድሮ ፓኤዝ የዚሁ ማኅበር ሰው ነበር። በ1868 በስጳንያ አብዮት ተነሥቶ ንግሥት ኢሳቤላ 2ኛ ከዙፋን በወረዱ ጊዜ ማኅበሩ ከአገር ስለ ታገደ ወጣቱ ቪኜስ ወደ ፈረንሳይ ተሰደዱ። ከዚያም በ1870 ባሕር ተሻግረው በዚያን ጊዜ የስጳንያ ግዛት ወደ ነበረችው ወደ ኩባ ደሴት ሄዱ። ዕድሜያቸው ገና ከ33 ዓመት ያልበለጠ ነበር።

በሐቫና ከተማ ቤሌን የሚባል የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነበረ። ይህን ነገር የትምህርት ቤታችን ተማሪዎች ልብ እንዲሉት ያስፈልጋል፤ ወደ ፊት የዓለም ሊቃውንት ያደነቁት ሥራ የተሠራው በአንድ ትምህርት ቤት ውስጥ ነውና። ትምህርት ቤቱ ከ1850ዎቹ ዓመታት ጀምሮ የአየርን ጠባይ የሚመረምር ክፍል ነበረው። አባ ቪኜስ የዚህ ክፍል አስተዳዳሪ ሆኑ። በዚያው በ1870፣ በኦክቶበር ወር፣ ከሐቫና በስተ ምሥራቅ ያለችውን የማታንሳስን ከተማ ሃሪኬን መታትና ብዙ መቶ ሰዎች ሞቱ። ለእነዚያ ሰዎች ማስጠንቀቂያ የሰጣቸው አልነበረም። እንግዲህ አዲሱ አስተዳዳሪ ሥራቸው ምን እንደ ሆነ ለማወቅ ሌላ ምልክት አላስፈለጋቸውም።

ሥራቸው ለተመልካች የሚያስደንቅ አልነበረም። ጎህ ሳይቀድ ይነሡና እስከ ሌሊት ድረስ በተወሰነ ሰዓት የባሮሜትሩን፣ የሙቀት መለኪያውንና የነፋሱን አቅጣጫ እያዩ ይጽፋሉ፤ ደመናው በየት በኩል እንደሚሄድ፣ ምን መልክ እንዳለው ይመዘግባሉ። ዛሬ የጻፉትን ነገም ይጽፋሉ፤ እሑድም ሆነ በዓል አይቋረጥም። ከዚህም ጋር ከእርሳቸው በፊት የነበሩት ሰዎች የተዉትን መዝገብ አንድ በአንድ አነበቡ። ባሮሜትር ማለት የአየርን ክብደት የሚለካ መሣሪያ ነው፤ በባሕር ዳርቻ ሜርኩሪው 760 ሚሊ ሜትር ያህል ይቆማል፤ እንደ እኛ ባለ ደጋ አገር ግን አየሩ ስስ ስለ ሆነ ከዚያ ዝቅ ይላል። ሜርኩሪው ከልማዱ ውጭ ሲወርድ ዐውሎ ነፋስ ቀርቧል ማለት ነው። ነገር ግን ባሮሜትሩ ብዙ ጊዜ የሚናገረው አደጋው ከደጅ ከደረሰ በኋላ ነው። አባ ቪኜስ የፈለጉት ከዚያ ቀድሞ የሚናገር ምልክት ነበር።

ይህንንም ምልክት በሰማይ አገኙት። በድስት ውስጥ ውሃ ሲንተከተክ ከመካከል ወጥቶ ወደ ዳር እንደሚፈስስ ሁሉ፣ በዐውሎ ነፋስም ከሥር ወደ መካከል የገባው አየር ከላይ ሲደርስ ወደ ውጭ ይበተናል። የተበተነውም አየር እጅግ ከፍ ባለው ሰማይ ላይ እንደ ላባ የነጡ ቀጫጭን ደመናዎችን ይዘረጋል። እነዚህ ደመናዎች ከዐውሎው ቀድመው ብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ይሄዳሉ። ከታች ሆኖ ለሚያያቸው ሰው ሁሉም ከአንድ የአድማስ ነጥብ ተነሥተው እንደ ማራገቢያ የተዘረጉ ይመስላሉ። አባ ቪኜስ በብዙ ጥንቃቄ ከመረመሩ በኋላ ዐውሎው ያለው በዚያ ነጥብ አቅጣጫ እንደ ሆነ ተረዱ። ነጥቡ ሳይንቀሳቀስ ከዕለት ወደ ዕለት እየደመቀ የሄደ እንደ ሆነ ዐውሎው ወደ ተመልካቹ እየመጣ ነው፤ ነጥቡ በአድማስ ላይ ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ የሄደ እንደ ሆነ ግን በጎን ሊያልፍ ነው። ከዚህም በላይ የታችኛው ነፋስ፣ የመካከለኛውና የላይኛው ደመና አካሄዳቸው የተለያየ መሆኑን አስተውለው፣ ሦስቱን በማስተያየት ዐውሎው ያለበትን ሥፍራ የሚገመቱበትን ሕግ አወጡ።

በሴፕቴምበር 11 ቀን 1875 የመጀመሪያውን ማስጠንቀቂያ በሐቫና ጋዜጦች አወጡ። ይህች ቀን በአገራችን አቈጣጠር መስከረም 1 ቀን 1868 ዓ.ም. ነበረች። የእኛ አባቶች በዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ዘመን እንቁጣጣሽን ሲያከብሩ፣ የጉንደት ጦርነትም ሊደረግ ሁለት ወር ያህል ሲቀረው፣ በዓለም በሌላው ዳር አንድ መምህር እጅግ የሚያስጨንቅ ነገር ያስቡ ነበር። ዐውሎ ይመጣል ብለው ሳይመጣ ቢቀር መርከቦች ያለ ጥቅም በወደብ ይቆማሉ፤ ዓሣ አጥማጁ የዕለት እንጀራውን ያጣል፤ ሕዝቡም ይስቅና በሚቀጥለው ጊዜ እውነተኛውን ማስጠንቀቂያ አይሰማም። ዝም ቢሉና ዐውሎው ቢመጣ ደግሞ እንደ ማታንሳስ ያለ ሐዘን ይሆናል። አባ ቪኜስ በመዝገባቸው ታምነው ተናገሩ። ከሁለት ቀን በኋላ ብርቱ ሃሪኬን የኩባን ደቡባዊ ዳርቻ መታ። ማስጠንቀቂያውን ሰምቶ የተጠነቀቀው ብዙ ሰው ተረፈ። ይኸው ዐውሎ መንገዱን ቀጥሎ በሴፕቴምበር 16 በቴክሳስ ባሕር ዳርቻ ያለችውን ኢንዲያኖላን አፈረሳት፤ የዚያች ከተማ ሰዎች የሐቫናን ዐይነት ማስጠንቀቂያ ሳያገኙ ብዙዎቹ በውሃ አለቁ። ያው አንድ ዐውሎ በሁለት ሥፍራ ያደረሰውን ስናስተያይ አስቀድሞ ማወቅ ምን ያህል እንደሚጠቅም በግልጽ ይታየናል።

አባ ቪኜስ በአንድ ቀን ምስጋና አልታበዩም። በ1876 ሌሎች ሃሪኬኖች በደረሱ ጊዜ ዐውሎው ካለፈ በኋላ የተጐዳውን አገር ሄደው እየተዘዋወሩ አዩ፤ እስከ ፖርቶ ሪኮ ደሴት ድረስም ተጓዙ። ዛፉ ወዴት ወደቀ፣ ጣራው በየት በኩል ተነሣ፣ ጸጥታው በስንት ሰዓት ሆነ እያሉ መረመሩ። የተናገሩት ከሆነው ጋር የት ላይ እንደሚስማማና የት ላይ እንደሚለያይ ለማወቅ ፈልገው ነው። ከዚህም ሁሉ ያገኙትን በ1877 የ1875ና የ1876 ሃሪኬኖችን በሚመለከተው መጽሐፋቸው አሳተሙ። በዚህ መጽሐፍ ስማቸው በመርከበኞችና በሊቃውንት ዘንድ ታወቀ፤ በኋላም ሰዎች የሃሪኬን አባት እያሉ ይጠሯቸው ጀመር።

ይሁን እንጂ አንድ ሰው በአንድ ጣራ ላይ ቆሞ የሚያየው የተወሰነ ነው። አንድ ተመልካች የሚያውቀው አቅጣጫውን ነው እንጂ ርቀቱን አይደለም። ሁለት ሰዎች በሁለት ሥፍራ ሆነው አቅጣጫውን ቢያዩና በካርታ ላይ ሁለት መሥመር ቢያሰምሩ ግን መሥመሮቹ የሚገናኙበት የዐውሎው ሥፍራ ነው። ስለዚህ አባ ቪኜስ ወዳጆችን ማፍራት ጀመሩ። በዚያን ጊዜ በባሕር ሥር የተዘረጋው የቴሌግራፍ ገመድ ደሴቶቹን አገናኝቶ ነበር። ከ1877 ጀምሮ በትሪኒዳድ፣ በባርቤዶስ፣ በማርቲኒክ፣ በአንቲጓ፣ በፖርቶ ሪኮ፣ በጃማይካና በሳንቲያጎ ደ ኩባ ያሉ ተመልካቾች ያዩትን ወደ ሐቫና ይልኩ ዘንድ አደረጉ። ነጋዴዎችና የመርከብ ኩባንያዎች ጥቅሙን ስላወቁ በገንዘብ ረዱ፤ የቴሌግራፍ ሰዎችም መልእክቱን ያለ ዋጋ ያስተላልፉ ነበር። በዓለም ላይ ሃሪኬንን ለመጠበቅ ከተቋቋሙት ጓዶች ሁሉ ከመጀመሪያዎቹ የሚቈጠረው ይህ ነው። የመንግሥት ኃይል ሳይሆን የአንድ ትምህርት ቤት መምህር ታማኝነት ያቋቋመው ነበር።

በረዥም ዘመን ሥራቸው ሁለት ዋና ሕጎች አገኙ። አንደኛው ከላይ የተናገርነው፣ ነፋሱና ደመናው በዐውሎው ዙሪያ እንዴት እንደሚሽከረከሩ የሚያስረዳው ነው። ሁለተኛው ዐውሎው ራሱ ከቦታ ወደ ቦታ እንዴት እንደሚጓዝ የሚያስረዳ ነው። ሃሪኬን ከአትላንቲክ ተነሥቶ መጀመሪያ ወደ ምዕራብ ይሄዳል፤ ከዚያ ወደ ሰሜን ይታጠፋል፤ በመጨረሻም ወደ ሰሜን ምሥራቅ ይመለሳል። የሚታጠፍበት ሥፍራ ግን እንደ ወሩ ይለያያል፤ በኦገስት ወር ብዙ ወደ ሰሜን ከሄደ በኋላ ይታጠፋል፤ በጁንና በኦክቶበር ግን ወደ ደቡብ ቀረብ ብሎ፣ በኩባ አካባቢ ይታጠፋል። ስለዚህ የሐቫና ሰው በየትኛው ወር ይበልጥ መፍራት እንዳለበት አወቀ። በ1888ም የዐውሎውን ሥፍራና መንገድ በቀላሉ ለመገመት የሚረዳ፣ የአንቲሊስ ሳይክሎኖስኮፕ የተባለ መሣሪያ አወጡ። የመርከብ አዛዥ የነፋሱንና የደመናውን አቅጣጫ ብቻ አይቶ በዚህ መሣሪያ ከአደጋ የሚርቅበትን መንገድ ሊያገኝ ይችል ነበር።

በዚያው ዘመን በአገራችን ምን እንደ ነበረ ማስታወስ ይገባል። አባ ቪኜስ መሣሪያቸውን ባወጡበት በ1888 በኢትዮጵያ ክፉ ቀን የሚባለው ታላቅ ረኃብ ጀመረ። የከብት በሽታው፣ የዝናቡ መጥፋትና አንበጣው ተባብረው እስከ 1892 ድረስ የብዙ ሰው ሕይወት አጠፉ። የቴሌግራፍ ሽቦ በአገራችን ገና አልተዘረጋም፤ ዝናብን ከዓመት ወደ ዓመት የሚመዘግብ ሰውም ሆነ ወደ ፊት የሚሆነውን የሚነግር አልነበረም። ከዚህ ልናስተውለው የሚገባ አለ፤ የሰማይን ነገር መመርመር ሥራ ፈት ሰው የሚያደርገው ጨዋታ አይደለም፤ የሞትና የሕይወት ነገር ነው።

የአባ ቪኜስ የመጨረሻ ዓመታት በድካም ያለፉ ናቸው። በ1893 በአሜሪካ በቺካጎ ከተማ የአየር ጠባይ ሊቃውንት ጉባኤ ሊደረግ ስለ ነበረ፣ የሕይወታቸውን ሥራ ሁሉ የሚጠቀልል ጽሑፍ እንዲያቀርቡ ተጠየቁ። ጤናቸው እየደከመ ሳለ በሃሪኬን ሽክርክሪትና ጉዞ ላይ ያደረጉትን ምርምር ጻፉ። ጽሑፉን ከፈጸሙ በኋላ ብዙም አልቈዩም፤ በጁላይ 23 ቀን 1893 በ55 ዓመታቸው በሐቫና ዐረፉ። የሃሪኬን ወራት ገና መጀመራቸው ነበር። መጽሐፉ ከሞቱ በኋላ በ1895 ታተመ፤ በ1898ም የአሜሪካ የአየር ጠባይ መሥሪያ ቤት ወደ እንግሊዝኛ አስተርጕሞ አወጣው።

እርሳቸው ከሞቱ በኋላ የሆነው አንድ ነገር የሥራቸውን ዋጋ ከሁሉ ይልቅ ያሳያል። በ1898 ጦርነት ምክንያት ኩባ በአሜሪካ ሠራዊት ሥር ሆነች። የአሜሪካ መሥሪያ ቤት ሹማምንት የሐቫናን ተመልካቾች ስለ ናቋቸው፣ በ1900 የሃሪኬን ወራት ከሐቫና የሚላከው የዐውሎ ነፋስ ቴሌግራም እንዲታገድ አደረጉ። በሴፕቴምበር ወር አንድ ዐውሎ ኩባን አልፎ ሄደ። የአሜሪካኖቹ ሹማምንት ወደ ፍሎሪዳ ታጥፎ ወደ አትላንቲክ ይወጣል ብለው ገመቱ። በቤሌን የአባ ቪኜስን ወንበር የወረሱት አባ ሎሬንሶ ጋንጎይቲና ሌሎቹ የኩባ ሰዎች ግን ወደ ቴክሳስ አቅጣጫ እንደሚሄድ ተረድተው ነበር። የሰማቸው የለም። በሴፕቴምበር 8 ቀን ዐውሎው የጋልቬስተንን ከተማ መታት፤ ባሕሩም በላይዋ ሄደ። በዚያች ሌሊት ከ6000 እስከ 12000 የሚገመት ሰው አለቀ። ዕውቀቱ በሐቫና ነበረ፤ የሚያደርሰው የቴሌግራፍ ገመድም ነበረ፤ የጠፋው የሚሰማ ጆሮ ነበር።

ዛሬ ሥራው በብዙ መሣሪያ ይሠራል። በ1943 አውሮፕላን ለመጀመሪያ ጊዜ አውቆ ወደ ሃሪኬን ዓይን ገባ፤ በ1960 የመጀመሪያው የአየር ጠባይ ሳተላይት ወደ ሰማይ ተተኰሰ። አሁን ሳተላይቶች ደመናውን ቀንና ሌሊት ያያሉ፤ ታላላቅ ኮምፒዩተሮችም ዐውሎው ከብዙ ቀን በኋላ የሚደርስበትን ይገምታሉ። እነዚህ መሣሪያዎች ከብዙ ነገር በተጨማሪ የሚከታተሉት አባ ቪኜስ በዓይናቸው ይመለከቱት የነበረውን የደመና እንቅስቃሴ ነው።

ጎጃም ባሕር የላት፤ ስለዚህ የሃሪኬን ነገር እኛን አይነካንም የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ነገር ግን ሊቃውንት በቅርብ ዘመን ያገኙት ነገር ያስደንቃል። በክረምት በኢትዮጵያ ደጋ ላይ የሚነሣው ነጐድጓዳማ ደመና ብዙ ጊዜ ወደ ምዕራብ ይጓዛል፤ ሱዳንንና ቻድን አልፎ የአየር ማዕበል ሆኖ ምዕራብ አፍሪካን ያቋርጣል፤ ከእነዚህም ማዕበሎች አንዳንዶቹ አትላንቲክ ላይ ሲደርሱ በሞቃቱ ባሕር ላይ ወደ ሃሪኬን ይለወጣሉ። በ2000 አልቤርቶ የተባለው ሃሪኬን በተነሣ ጊዜ ተመራማሪዎች ፍለጋውን ወደ ኋላ ተከትለው እስከ ኢትዮጵያ ደጋ ድመና ድረስ አድርሰውታል። እንግዲህ በእኛ ሰማይ የሚያጕረመርመው የሐምሌ ደመና ዘመዱ በካሪቢያን ባሕር መርከብ ሊሰብር ይችላል ማለት ነው። በሌላ በኩል ደግሞ በሜይ 2018 ሳጋር የተባለው ሳይክሎን ከኤደን ባሕረ ሰላጤ ተነሥቶ ሶማሌላንድን መታ፤ በምሥራቅ ኢትዮጵያም ብርቱ ዝናብና ጎርፍ አስከተለ።

በአገራችን ዛሬ ይህን ሥራ የሚሠራው የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት ነው። ነገር ግን ከአባ ቪኜስ ሕይወት የምንማረው ሥራውን ለመሥሪያ ቤት ብቻ እንድንተው አይደለም። ዝናብ የሚለካበት አንድ ጠርሙስ፣ አንድ የሙቀት መለኪያና አንድ ደብተር ለአንድ ትምህርት ቤት ከባድ ወጪ አይደሉም። ከባዱ በየዕለቱ በአንድ ሰዓት ተነሥቶ ያዩትን ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ መጻፍ ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም ስንት ቀን ዘነበ፣ በረዶ በየትኛው ወር ጣለ፣ ከበረዶው በፊት ነፋሱ በየት በኩል ነበር የሚሉትን ነገሮች ተማሪዎች አሥር ዓመት ቢጽፉ ከእነርሱ በኋላ የሚመጡት ተማሪዎችና የአካባቢው ገበሬዎች የሚጠቀሙበት መዝገብ ይሆናል።

ወላጆችም ለዚህ የሚሆን ዕውቀት በእጃቸው አለ። ደመናን አይተው የሚወቃውን እህል ቀን የሚመርጡ አባቶችና እናቶች በየመንደሩ አሉ። ተማሪው እነርሱን ጠይቆ የሰማውን ከመለኪያው ጋር እያስተያየ ቢጽፍ፣ አባ ቪኜስ በሐቫና የጀመሩትን ሥራ በጅጋ ቀጠለው ማለት ነው።